«ለማንኛውም» ብሎ ለሚውጥ

ጥርሱን ሊያስነቅል ቀጠሮ ይዞ፣ አንድ ፍሬ አንቲባዮቲክ እንኳ ሳይቀምስ ዝም ብሎ የሚሄድ ሰው ሲያጋጥመኝ እገረማለሁ። ምን ዓይነት ግድ የለሽነት ነው? የእኛ ሰፈር ሰው እንዲህ አይዘናጋም። በዋዜማው ፋርማሲ ጎራ ይልና «እስቲ አራት ፍሬ አሞክሳሲሊን፣ ባለ አምስት መቶውን» ይላል። ማዘዣ? ማዘዣ ጎረቤት ለሌለው ነው። ለእሱ እትዬ ከትናንት ወዲያ በአጥር ላይ መርምረው ጨርሰዋል፦ «ቀይና ቢጫዋን ግዛ፤ ሌላዋ ቀለም ለእኔም አልበጀችኝ።»

አወሳሰዱም ጥበብ አለው። አንዷን ማታ፣ አንዷን ጠዋት፣ ሦስተኛዋን ወረፋ ሲጠብቅ በማኪያቶ። አራተኛዋ ኪስ ትገባለች፤ ክፉ ቀን አይታወቅማ።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ ከጥርስ የተነሣ ባክቴሪያ በደም ሄዶ ልብን እንዳይበክል ከሕክምናው በፊት አንቲባዮቲክ ማስቀደምን ለጥቂት ሰው ብቻ አድርጎታል፤ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ለገባለት፣ ልቡ ውስጥ ኢንፌክሽን ይዞት ለሚያውቅ፣ ከአንዳንድ ከባድ የልብ ችግር ጋር ለተወለደና ለመሳሰሉት። ለአዋቂ 2 ግራም፣ በአንድ ጊዜ፣ ሕክምናው ሊጀመር ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀረው። 2 ግራም ማለት ባለ አምስት መቶው አራት ፍሬ ነው። እዩልኝ እንግዲህ! የእኛ ሰው ቁጥሩን ሳይማር ገጥሞለታል፤ የሳተው ሰዓቱን፣ አወሳሰዱንና ሰውዬውን ብቻ ነው።

(ቴትራሳይክሊን ፈልቅቀው ዱቄቱን የተቦረቦረ ጥርስ ውስጥ የሚሞሉትን ለሌላ ቀን አቆይቻቸዋለሁ። እነሱ ራሱን የቻለ ምስጋና ይገባቸዋል።)

ፔኒሲሊንን ያገኘው ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ንግግሩ ላይ፣ መድኃኒቱን አሳንሶ መውሰድ ተዋሕስያኑን ያለማምዳቸዋል ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ምስኪን፣ እንግዳ ተቀባይነታችንን አላወቀም። እኛ ባክቴሪያን በባዶ እጁ አንሸኝም፤ ሁለት ሦስት ፍሬ አቅምሰን፣ አለማምደን፣ ከቤተሰቡ ጋር እንዲመለስ ነው የምንልከው።

ወረፋው ደረሰ። ሐኪሟ «የልብ ሕመም አለብህ? የምትወስደው መድኃኒትስ?» ስትል የእኛ ሰው «ኧረ ምን በወጣኝ! ምንም!» ይላል፤ ሦስቱ ፍሬ ሆዱ ውስጥ፣ አራተኛዋ ኪሱ ውስጥ ናቸው።

ከእሱ ቀጥሎ የገቡት አባት ከዓመታት በፊት ቫልቭ ተቀይሮላቸዋል። ምንም አልዋጡም። እሳቸውም ያንኑ ተጠየቁ።

«ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለጥርሴ ነው» አሏት።