ጳጳሳቱ፣ ወንበሩና ክርክሩ

እ.ኤ.አ. በ2021 በተካሄደው ቆጠራ በእንግሊዝና በዌልስ ክርስቲያን ነኝ ያለው ሕዝብ 46.2 በመቶ ብቻ ነበር፤ ቁጥሩ ከግማሽ በታች ሲወርድም የመጀመሪያው ነው። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን 26 ጳጳሳት ዛሬም በብሪታንያ ፓርላማ ላይኛው ምክር ቤት፣ በሎርዶች ምክር ቤት፣ ተቀምጠው በሕግ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። ጅማ ላይ ሆኖ ይህን ለሚያነብ ሰው ነገሩ ግራ ያጋባል፤ አብዛኛው ሕዝብ አማኝ በሆነባት በእኛ አገር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ሃይማኖትና መንግሥትን ለያይቷቸዋልና።

እኔን የሳበኝ ግን ከመቀመጫው ይልቅ አነጋገራቸው ነው። ሊድን በማይችል ሕመም ለሞት የተቃረበ ሰው በሐኪም እርዳታ ሕይወቱን እንዲያበቃ የሚፈቅደው ረቂቅ ሕግ እ.ኤ.አ. ጁን 20 ቀን 2025 በታችኛው ምክር ቤት በ314 ድምፅ ለ291 ሲያልፍ፣ የቤተ ክርስቲያኒቱ መሪዎች ከተቃዋሚዎቹ ወገን ነበሩ። «ሕይወት የፈጣሪ ናት» ብለው ብቻ አልተቀመጡም፤ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ለቤተሰብ ሸክም ሆንን ብለው በማይፈልጉት ውሳኔ ላይ ሊወድቁ ይችላሉ ሲሉ ተከራከሩ። ይህን ስጋት ቤተ ክርስቲያን ረግጦ የማያውቅ ሰውም ሊመዝነው፣ ካላመነበትም ሊያፈርሰው ይችላል። ብዙኃን ሆኖ የኖረ ወገን ቁጥሩ ሲመናመን ሌላውም የሚቀበለው ምክንያት መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ እንደ እኔ ይህ ክርክሩን አጥርቶለታል እንጂ አልጎዳውም።

እዚህ ጅማ ሄርማታ አካባቢ ባለው እድራችን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አባል ነው። አንድ እሑድ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ምግብ ለየብቻ እንዲበስል ሌላ ድስት ይገዛ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ አንድ አዛውንት ሃይማኖታችን ያዝዘናል ብለው ጀመሩ፤ ቤቱ ዝም አለ። ቆየት ብለው «ለቅሶ ሊደርስ የመጣ ሰው የቀረበለትን ሳይጠራጠር ይብላ» ሲሉ ግን ስለ ዋጋው መነጋገር ተጀመረ፤ ገንዘብ ያዡ እንኳ ብዙም አላጉረመረመም።

የሚያሳስበኝ በአደባባይ የሚሟገተው ሃይማኖተኛ ሳይሆን፣ ለአምልኮ ቦታ የሚሆን መሬት ሲፈለግ ማመልከቻውን ትቶ በውስጥ መስመር ወደ «የእኛ ሰው» የሚደውለው ነው። የዚህ ዓይነቱ ማግባባት በቃለ ጉባኤ አይያዝ፣ ተቃዋሚም አይሰማው፤ የጳጳሳቱ ድምፅ ቢያንስ በስማቸው ተመዝግቦ ይነበባል። እንዲያም ሆኖ በሹመት ብቻ የሚገኘው የ26ቱ መቀመጫ ቢቀር አልቃወምም። በእድራችን ቄሱም ሼኩም እጅ አውጥተው ተራቸውን ጠብቀው ይናገራሉ፤ የተለየ ወንበር ያለው ዳኛው ብቻ ነው፣ እሱም በምርጫ።