ካቦው ያውቃል ማለት ከሕግ አያድንም

ባሕር ዳር ላይ ፎቅ የሚያስገነባን ባለሀብት ስለ ሲሚንቶና ስለ ብረት ዋጋ ጠይቁት፤ እስከ ሳንቲሙ ይነግራችኋል። ባሬላ ስለሚሸከሙት ልጆች ስትጠይቁት ግን «እሱን ካቦው ያውቃል» ይላችኋል፤ ሠራተኞቹን ቀጥሮ የሚያሠራውን አለቃ ማለቱ ነው። ስማቸውን አያውቅም። አገራቸው የት እንደሆነ አያውቅም። አንዱ ከመወጣጫው ላይ ቢወድቅ ለማን እንደሚደወል አያውቅም። ለምደነው ነው እንጂ ይህ ትልቅ ነውር ነው።

ልጆቹ ከደራ፣ ከሜጫ፣ ከይልማና ዴንሳ፣ ራቅ ሲልም ከጋይንት የመጡ ናቸው። እርሻው ሲቀል ወደ ከተማ ይወጣሉ። የሩዝ አጨዳ ሲደርስ ደግሞ ብዙዎች ወደ ፎገራ ይወርዳሉ። አብዛኞቹ ባደረጉት ኮንጎ ጫማ ነው ኮንክሪት የሚረግጡት። ማታ አንዲት ክፍል ለብዙ ተከራይተው ያድራሉ፤ ያ ካልሆነ እዚያው ጅምር ሕንፃ ውስጥ ጆንያ ያነጥፋሉ። ከተማው ውስጥ «ልጄን ምን አደረጋችሁት?» ብሎ የሚጠይቅላቸው ዘመድ የላቸውም። አሠሪው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል።

«የቀን ሠራተኛ ስለሆነ ውል የለውም» የሚባለው ነገር ፈጽሞ ልክ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቃል የተደረገን ቅጥርም እንደ ውል ይቆጥራል። በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዝርዝር ጽፎ፣ ፈርሞ ለሠራተኛው መስጠት አለበት። ባይሰጥ ሠራተኛው መብቱን አያጣም። አሠሪ ለመባልም ትልቅ ኩባንያ መሆን አያስፈልግም፤ አንድ ሰው ቀጥሮ የሚያሠራ ድርጅትም አሠሪ ነው። የሥራው ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 አያልፍም። በሳምንት እረፍቱ ቀን ከሠራ የሰዓት ክፍያው እጥፍ ይሆናል። ዕድሜው 15 ያልሞላ ልጅ ደግሞ ጭራሽ መቀጠር የለበትም፤ ከ18 በታች ያለውም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የጉዳቱ ነገር ነው። ልጅ ከፎቅ ወድቆ እግሩ ሲሰበር ብዙ ጊዜ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጓደኞቹ አዋጥተው ያሳክሙታል። ባለቤቱ «እግዜር ይማርህ» ብሎ ለመሳፈሪያ የሚሆን ይሰጠዋል። ልጁ በአውቶቡስ ወደ እናቱ ይመለሳል። ይህን ለጋስነት ብለን ስንጠራው እሰማለሁ። ሕጉ ግን ምጽዋት አላለም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው። የሐኪም፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪውን ይሸፍናል። ልጁ መሥራት ሳይችል ከቆየ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ደግሞ ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፍለዋል። ቆብ፣ ጓንትና ቦቲ ጫማ ማቅረብም የአሠሪው ግዴታ ነው። እነዚህ ከአንድ ሰው ስብራት ይረክሳሉ፤ ለምን እንደማይገዙ አይገባኝም።

ሕጉ ራሱ የሚጎድለው ቦታም አለ። ከደጋ ወርዶ በጣና ዳር የሩዝ ማሳ ውስጥ የሚያጭድ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ወባ ነው። ሰውነቱ አልለመዳትም። አዋጁ ግን በአካባቢው የሚዛመት በሽታን ከሥራ ምክንያት ከሚመጣ በሽታ አይቆጥረውም፤ የሚቆጥረው ያንኑ በሽታ በመከላከል ሥራ ላይ ብቻ ለተሰማራ ሰው ነው። ስለዚህ አጫጁ ቢታመም ካሣ የሚጠይቅበት በር ጠባብ ነው። ይህ ድንጋጌ መስተካከል አለበት ባይ ነኝ። እስከዚያው አጎበርና የምርመራ ወጪ ማቅረብ ለባለ ማሳው ከባድ አይደለም።

እህቶቻችን ቤሩትና ሪያድ ላይ ሲበደሉ እንጮኻለን። መጮኻችን ልክ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 የውጭውን አሠሪ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ጉዞውን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድኑንም ወጪ ቻል ይለዋል። ከባዕድ አሠሪ ይህን ሁሉ እየጠየቅን፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ሰፈር ለሚሠራው የራሳችን ልጅ አንዲት ፊርማ ያለባት ወረቀት መንፈጋችን ያሳፍራል።

«ካቦው ነው የቀጠራቸው» የሚለውን ምክንያት ከልቤ አልቀበለውም። ሕንፃው የማን ነው? ኪራዩን የሚበላውስ ማን ነው? ካቦው ቅዳሜ ደመወዙን ይዞ ቢሰወር ልጆቹ ሰኞ የሚቆሙት ከባለ ሕንፃው በር ላይ ነው። ባለቤቱ ከካቦው ጋር ሲዋዋል የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ይቀበል፤ ክፍያው በፊቱ ይፈጸም። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪዎችም ጅምር ሕንፃ ውስጥ ገብተው ይህንኑ ዝርዝር ይጠይቁ።

ለሠራተኞቹም አንድ ነገር ልበል፤ ይህን የሚያነብ ወንድም ያላችሁ ንገሯቸው። ያልተከፈለ ደመወዝና የትርፍ ሰዓት ክፍያ መጠየቅ የሚቻለው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ነው። ፍርድ ቤት ሲኬድም ሠራተኛው የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ስለዚህ የሠሩበትን ቀን በስልካቸው ይመዝግቡ፤ አብሯቸው የሠራውን ሰው ስምና ስልክ ይያዙ። ለመኸር አገር ቤት ከመመለሳቸው በፊት ክሱን ያስገቡ።