የመጀመሪያው ባክአፕ በኬብል ይሁን
የላፕቶፕን ፋይሎች በሙሉ ቤት ውስጥ ወዳለ ሰርቨር (ቅጂው ወደሚቀመጥበት ኮምፒውተር) ስለመገልበጥ "ለሙሉ ባክአፕ በዋይፋይ አንድ ሌሊት ይበቃል" የሚባለው እንደ ባንዱ (ዋይፋዩ እንደሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ) ይለያያል። በ2.4 ጊጋኸርዝ በሰከንድ 5 ሜጋባይት ብታገኙ ነው፤ 500 ጊጋባይት 28 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ5 ጊጋኸርዝ፣ ራውተሩ እዚያው ክፍል ካለ፣ 30 ሜጋባይት ሊደርስና ወደ 5 ሰዓት ሊወርድ ይችላል። ሰርቨሩ ራሱ በዋይፋይ ከተያያዘ ግን ዳታው አየር ላይ ሁለቴ ስለሚጓዝ ፍጥነቱ በግማሽ ይወድቃል፤ እሱን ምንጊዜም ራውተሩ ላይ በኬብል ሰኩት። የመጀመሪያውን ዙር ላፕቶፑንም በጊጋቢት ኬብል አገናኝታችሁ ጨርሱ፣ ጥቃቅን ፋይል ካልበዛበት ሰዓት ተኩል ቢወስድ ነው። ከዚያ ወዲያ የሚሄደው የተቀየረው ብቻ ስለሆነ ዋይፋይ አያንስም። ታይም ማሽን (የማክ ባክአፕ ፕሮግራም) የምትጠቀሙ፣ ባክአፑ እየሄደ የላፕቶፑን ክዳን አትዝጉ፤ ግንኙነቱ መሃል ላይ ሲቋረጥ የባክአፕ ፋይሉ ሊበላሽና እንደገና ከዜሮ ጀምሩ ሊላችሁ ይችላል (መብራት ሲጠፋም ያው ነው፣ ራውተሩንም ሰርቨሩንም ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) ላይ አድርጉ)። ሰርቨሩ ላይ የላፕቶፑን ዲስክ እጥፍ ያህል ኮታ (የቦታ ገደብ) ለባክአፑ ወስኑለት፣ አለዚያ ያለውን ቦታ ሁሉ ቀስ በቀስ ይበላዋል። ሰርቨሩ ዳታውን ሁለት ዲስክ ላይ እኩል እንዲጽፍ አድርገው "ሬይድ ስላለኝ አልሰጋም" ለሚሉ፦ ሬይድ ዲስክ ሲሞት ነው የሚያድነው፤ በስህተት የሰረዛችሁት ፋይል ከሁለቱም ዲስክ እኩል ይጠፋል።