ጥላው የከበደ ሎጎ

እስቲ ዛሬ ደግሞ ማንም ዞር ብሎ የማያመሰግናቸውን እናመስግን፣ ሎጎ ላይ ጥላ የሚያስቀምጡ ዲዛይነሮችን ማለቴ ነው። የተከበረ ሰው ጥላው ይከብዳል ይባል የለ? እነሱ በቃ ይሄን አባባል ቃል በቃል ወስደው ስራ ላይ አዋሉት፣ ሎጎውም ከበደ፣ ፋይሉም ከበደ፣ ፋይሉን የሚከፍተው ምስኪን ኮምፒውተርም እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ።

አሰራሩ ራሱ ዲሲፕሊን አለው። ደንበኛው "ትንሽ ብድግ ይበል" ይላል፣ ኢሉስትሬተር የሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ድሮፕ ሻዶ የሚባለው የጥላ መስሪያ ይከፈታል፣ ሳጥኑ ይዞት የመጣው 75 ፐርሰንት ኦፓሲቲ፣ የጥላው ድፍንነት መሆኑ ነው፣ ምን በወጣው ይነካል፣ ኦኬ። ለሆስፒታሉም ለባንኩም ለመዋለ ሕፃናቱም ያው ጥላ፣ ወደ ቀኝ ዝቅ ያለች፣ ፀሐይዋ ሁሌ ከላይ በግራ በኩል። እውነተኛዋ ፀሐይ እንኳን እንዲህ ባለችበት አትረጋም።

ከዛ አንዱ ምቀኛ መጥቶ ዙም ያደርጋል። ፊደሉ የፈለገውን ያህል ቢጎላ ጠርዙ ምላጭ ነው፣ ጥላው ግን ግራጫ ካሬ በካሬ ላይ፣ ደረጃ በደረጃ፣ በልጆች መጫወቻ ጡብ የተገነባ ነው የሚመስለው። ነገርዬው እኮ ቀላል ነው፦ ቬክተር መስመሩ በሒሳብ ስለሚቀመጥ ብትለጥጡት አይፈርስም፣ ድሮፕ ሻዶ ግን ቬክተር ፋይል ውስጥ ተጠግቶ ይኑር እንጂ ራሱ ፎቶ ነው፣ ፕሮግራሙ በነጥብ ነው የሚስለው፣ በአንድ ኢንች ስንት ነጥብ እንደሚስል የሚወስን ሴቲንግ ደግሞ አለ፣ ፋይሉ ለስክሪን ተብሎ ከተከፈተ 72 ላይ ቁጭ ይላል። ግን ይሄን ማወቅ ለተራ ሰው ነው፣ የኛ ጀግኖች ሌላ መንገድ አላቸው።

የመጀመሪያው መፍትሄ ፍልስፍና ነው። አንዱ "ዙም አታድርጊያ!" ብሎኛል፣ "አፍንጫሽን እንዲህ አስጠግተሽ ማን ሊያየው ነው?" ልክ ነው፣ ጥፋቱ የአፍንጫዬ ነበር። አፍንጫዬን አላነሳ ስል ሌላ ጥላ አመጣና ከላይ ደረበበት፣ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፣ ካሬዎቹ አሁን ሁለት እጥፍ ሆነው ደመና ነገር ሰሩ። "ለስለስ አላለም?" ብሎ ጠየቀኝ። ሎጎው ከጎርፍ የወጣ ይመስል ነበር።

ፎቶን ወደ ቬክተር መስመር የሚቀይረው ኢሜጅ ትሬስ ላይ የሚጥሉት ደግሞ አሉ፣ ለነሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። ጥላ ማለት ከጥቁር ወደ ምንም ቀስ እያለ የሚጠፋ ነገር አይደል፣ ትሬሱ ይሄን ይወስድና አምስት ስድስት ቀለበት አድርጎ ይመልስላችኋል፣ የተራራ ካርታ! ከፍታው ስንት ሜትር እንደሆነ ብቻ ነው ያልተጻፈበት። ግን ቬክተር ሆነ አይደል፣ ሆነ። ጄፔግ ነጭ ሳጥኑን እንደተሸከመ ፋይሉ ውስጥ ከትቶ "ይኸው ኤአይ ነው"፣ የኢሉስትሬተር ፋይል ማለቱ ነው፣ ብሎ የሚልከውን አልቆጥረውም፣ እሱ ከምስጋና በላይ ነው።

ከሁሉም የማደንቀው ግን "እንዳይበላሽ" ብሎ ኤክስፓንድ አፒራንስ፣ ኤፌክቱን ባለበት ቋሚ የሚያደርገውን ትዕዛዝ፣ የሚጫነውን ጥንቁቅ ሰው ነው። 10 ሳንቲሜትር ሎጎ በ72 ሲሳል ወርዱ 283 ነጥብ ገደማ ነው፣ ጥላዋ እዛችው ላይ ፎቶ ሆና ትደርቃለች፣ ከዛ በኋላ ሴቲንጉን 72 ሺህ ብታደርጉትም አትሰማችሁም። ይሄን ወስዶ 3 ሜትር ባነር ላይ መለጠጥ ነው እንግዲህ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከ1 ሳንቲሜትር በላይ ይሆናል። አፍንጫ ማስጠጋት ቀርቷል፣ መንገድ ተሻግሮም ይቆጠራል። ከዛማ "ማተሚያ ቤቱ አበላሸብኝ" ነው፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ።

በነገራችን ላይ የዚህ ሙያ ከሃዲዎችም አሉ። ምንም ሳይሉ ኤፌክት ሜኑ ውስጥ ይገቡና ዶክዩመንት ራስተር ኤፌክትስ የሚለውን ከፍተው 72ን 300 ያደርጋሉ፣ ብለሩ፣ የጥላው ብዥታ ማለት ነው፣ መልኩን ቀይሮ እንደሆነ አንዴ ያያሉ፣ አለቀ። ሎጎውን ሲያሳድጉ ጥላው ባለበት ደቅቆ እንዳይቀር ስኬል ስትሮክስ ኤንድ ኤፌክትስ የምትለዋን ትንሽ ሳጥን ምልክት ያደርጋሉ። የባሰባቸው ደግሞ ድሮፕ ሻዶውን ጭራሽ ያጠፉትና ቅርጹን ኮፒ አድርገው ከኋላ ጠጋ ያደርጉታል፣ ወይ ሁለት ቅርጽ መሃላቸውን ደረጃ በደረጃ በሚሞላው ብሌንድ ያገናኙና የውጪውን ኦፓሲቲ ዜሮ ያደርጉታል፣ አንድም ፎቶ የለበትም፣ ቢጎላ ቢጎላ ንቅንቅ አይልም። ይሄ ምን ስራ ይባላል? ላብ የለው፣ ሌሊት ማደር የለው፣ ደንበኛ ላይ መጮህ የለው።

ያ አፍንጫዬን የከሰሰው ልጅ በመጨረሻ ያንኑ ሎጎ፣ ከነደመናው፣ ለስቲከር መቁረጫ ላከው። የመቁረጫው ምላጭ መስመር ተከትሎ ነው የሚሄደው፣ ጥላ ደግሞ መስመር የለውም፣ ስለዚህ ማሽኑ ጥላውን እንዳላየ አልፎ ፊደሉን ብቻ ጥርት አድርጎ ቆረጠው። ደንበኛው መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ ቆሞ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ፣ ተጠግቶ አየ።

"ዋው፣ አሁን ገና ሎጎ ሆነ! ጥላውን ማነው ያስተካከለው?"

"እኔ ነኛ" አለ ልጁ፣ "ሶስት ቀን ነው የፈጀብኝ።"