ሰባ ሰባት ወይስ ዘጠና ዘጠኝ?

ባለፈው አርብ ሻርጃ ውስጥ ወዳጃችን ቤት ቡና ላይ ነበርን። ሦስተኛው ሲኒ ሊደርስ ሲል አንዱ ከኪሱ ትንሽ ፕላስቲክ አወጣና "እስቲ እዩልኝ" አለ። ውስጧ አንዲት የወርቅ ሳንቲም አለች፣ የኡመያ (የጥንት ሙስሊም ኸሊፋዎች) ዘመን ዲናር። ሻጩ "የ77 ሒጅራ ናት" ብሎታል። ቀብድ ከፍሏል፣ ቀሪውን እሁድ ሊሰጥ ነው።

77 ማለት ቀላል አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በፈረንጆቹ 696/97 መሆኑ ነው። ኸሊፋው አብዱልመሊክ ምስል ያለበትን ዲናር ትቶ በጽሑፍ ብቻ ያስመታው ያን ዓመት ነው። የጥንት ሳንቲም ሰብሳቢ ለዚህች ዓመት የሚከፍለው ሌላ ነው።

ወርቅ ቤት የምትሠራው ልጅ ግን ዓመቱ ምኗም አልነበረም። "ስንት ግራም ናት?"

"አራት ከሩብ።"

"አራት ከሩብ! በዚህ ገንዘብ እኮ ስንት አምባር ትገዛ ነበር አንተ!"

ሁላችንም ሳቅን። እሱ አልሳቀም።

አንድ የወሎ ሰው አሉ፣ በልጅነታቸው ቁርኣን የቀሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው። ሳንቲሟን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱና ዙሪያዋን በጣታቸው እየተከተሉ ቆዩ። ከዚያ "ልጄ፣ ሰባ ሰባት መሆኗን በምን አወቅህ?" አሉት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመቱ በቁጥር ሳይሆን በቃል ነው የሚጻፈው። ሰባ በአረብኛ ሰብዒን፣ ዘጠና ቲስዒን ነው (ግዕዙም ሰብዓና ተስዓ ይላል፣ ዘመዳሞች ናቸው)። በዚያ የጥንት አጻጻፍ ደግሞ ፊደሎቹን የሚለየው ነጥብ ብዙም አይደረግም። ነጥቡን ስታነሳው ሁለቱም አራት ጥርስ (ወደ ላይ የቆሙ ትንንሽ ጭረቶች) ይሆኑና ዐይን የሚባለው ፊደል ይከተላቸዋል። ሰባትና ዘጠኝም እንደዚያው። ስለዚህ 77፣ 79፣ 97፣ 99 ተመሳስለው ቁጭ ይላሉ። የኸሊፋው ስም አይጻፍበትም፣ የተመታበት ከተማም አይጻፍበትም፣ ሌላ መለያ ከየት ታመጣለህ?

"ሰውዬው ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ የኖረ ነው!" አለ ልጁ፣ ፊቱ ቀልቶ። "ወረቀትም ይሰጠኛል።"

"ወረቀቱን የሚጽፈው ራሱ አይደል እንዴ?" አለ ሹፌሩ።

ጋሼ ሳቁና አንድ ነገር አወሩልን። ኦፋ የሚባል የእንግሊዝ ንጉሥ የ157 ሒጅራ የኸሊፋ አልመንሱርን ዲናር አስገልብጦ የራሱን አስመታ። ቀራጩ አረብኛ አያውቅም፣ መስመር ብቻ ነው የገለበጠ። የንጉሡ ስም ከአረብኛው አንጻር ተዘቅዝቆ ቁጭ አለ። ሳንቲሙ ዛሬም ብሪቲሽ ሙዚየም አለ። "ሳያነቡ ወርቅ መምታት ድሮም ነበረ" አሉ ጋሼ። "ሳያነቡ መግዛትም አለ። የዚች ወርቋ ሰሟ ነው ልጄ፣ ጽሑፏ ነው ወርቋ።"

ልጁ ተቀየመ። ቡናውንም ሳይጨርስ ወጣ።

እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ፣ ግን አትግዛ አልለውም። ሳንቲሟ ደስ ትላለች፣ ከሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ ኖራ ዳርቻዋ እንኳ ብዙ አልተበላም። ሙዚየም ውስጥ ካሉት የታወቁ 77ቶች ፎቶ ጋር ፊደል በፊደል ያስተያያት፣ የማን እጅ ላይ እንደነበረችም ይጠይቅ። ሻጩ በዚህ ከተቆጣ ቀብዱ ይቅርበት። ካልተቆጣ ደግሞ በ99 ዋጋ ይደራደር። 77 ሆና ከተገኘች ምርቃት ናት።