ሽንኩርት ከተማ ሲገባ

የቆጋ ወንዝ ከግልገል አባይ ተቀላቅሎ ጣና እስኪገባ ድረስ አንድ ሳንቲም የሚጠይቅበት የለም። በዚያው ውኃ መራዊ ላይ የበቀለው ሽንኩርት ግን 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር ሲደርስ፣ ከውጭ አገር እንደመጣ ዘመድ አያስጠጋም። 7,000 ሄክታር እንዲያጠጣ የተሠራ ግድብ አፍንጫችን ሥር ተቀምጦ እኛ ወጥ የምንሠራው በሽንኩርት ሽታ ነው።

ከሰፈር ሰፈርም ጠባዩ ይለያያል። ከመራዊ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው መሸንቲ አፈሩ ገና ያልረገፈለት ባላገር ነው። ከተማው ገበያ ሲደርስ ቅርፊቱን አራግፎ ይለብሳል። ሐይቁ ዳር፣ መስታወት በር ያለው ሱቅ ከገባማ ቅርጫት ላይ ተቀምጦ ዋጋው በወረቀት ይጻፍለታል፤ ወረቀት ላይ የወጣ ዋጋ ደግሞ እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ ነው፣ ማን ይከራከረዋል?

ባለቤቴ "መሸንቲ በኪሎ 20 ብር ይቀንሳል አሉ" ብላ ቅዳሜ ጠዋት ባዶ ማዳበሪያ አስይዛ ላከችኝ። አምስት ኪሎ፤ 100 ብር ትርፍ።

አሮጌውን ጫማዬን አጠለቅሁ። ገበያ ላይ ዋጋ የሚጠየቀው በአፍ ቢሆንም መልሱ የሚሰጠው ጫማ ታይቶ ነው። ሻጯም "ና እስቲ አያ፣ ይኸን እየው" ብላ በወግ ተቀበለችኝ። ይኼኔ ስልኬ ጠራ። እኔ ሞኙ ምን ብል ጥሩ ነው? "ስብሰባ ላይ ነኝ!" ሴትዮዋ ሰማች። "አያ" መባሌ ቀርቶ "ጌታየ" ተባልሁ፤ ሽንኩርቱም አብሮኝ ተሾመ።

ልከራከር ስል "ባሕር ዳር ዛሬ ስንት እንደዋለ ልንገርዎ?" ብላ ከመቀነቷ ስልክ መዘዘች። ከእኔ ቀድማ ሰምታለች። በስንት ልመና በኪሎ 10 ብር ቀነሰችልኝ። ምርቃት ስጠይቅ "እሱንስ በአፌ" አለችና ሁለት እጇን ዘርግታ በልጅም በሀብትም መረቀችኝ። አሜን ከማለት ሌላ ምን ይባላል?

ካተረፍኩት 50 ብር ላይ መሄጃው በላ፤ ቡናው ላሰ። (ደክሞኝ ነበር፣ ይታወቅልኝ።)

ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴን የሚደቁሰው ጆንያ የማን ነው ብዬ ቀና ብል፣ ደጃችን ላይ ሽንኩርት በመደብ የምትሸጠው ልጅ!

"ውይ ጋሸ! ምነው ደከሙ? እኔ አመጣልዎ አልነበር?"

"አንች በስንት ገዛሽው?"

እየተሽኮረመመች ነገረችኝ። ከእኔ በ15 ብር አሳንሳ ነው። በእኛ ደጅ በስንት እንደምትሸጠው እኔም አልጠየቅሁ፣ እሷም ውጭ ውጭውን አየች።

አብረን ወረድን። ባለቤቴ በር ላይ ጠብቃ ማዳበሪያውን ተቀበለችኝና እጇን እስከ ሥሩ ሰደደች።

"ምርቃትስ አልሰጡህም?"

"ሰጥተውኛል" አልኋት፤ "በልጅም በሀብትም።"