ማን ነው ማንን የሚያስተምረው?

አንድ ጸሐፊ በቅርቡ ባወጡት ጽሑፍ የተራራ ነዋሪዎች ስለ አየር ንብረት ለውጥ «ግንዛቤ ሊፈጠርላቸው ይገባል» ማለታቸው አልተዋጠልኝም። በደቡብ አሜሪካ፣ የፔሩና የቦሊቪያ የአንዲስ ተራሮች ገበሬዎች በሰኔ፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ሰባቱን ከዋክብት (ፕሌያዲስ የሚባለውን የከዋክብት ስብስብ) ይመለከታሉ። ደብዝዘው ከታዩ «ዝናቡ ይዘገያል» ብለው ድንች የሚተክሉበትን ጊዜ ይገፉታል። አጉል እምነት ይመስላል አይደል? እኔም መስሎኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ ጥናት ግን ምክንያቱን አገኘው፤ ከዋክብቱን የሚያደበዝዛቸው በኤልኒኖ ዓመት ከፍ ብሎ የሚዘረጋ ስስ ደመና ነው፤ ኤልኒኖ ደግሞ በዚያ አካባቢ ዝናቡን ያሳንሳል።

በሰሜን ህንድ ተራራማ ግዛት በላዳክ ደግሞ ኢንጂነር ሶናም ዋንግቹክ በብርዱ ወራት ከንቱ የሚፈሰውን ውሃ በቧንቧ ሽቅብ እያስረጩ እንደ ድንኳን የሾለ የበረዶ ክምር ሠሩ። ክምሩ በተከላ ሰሞን ቀስ እያለ እየቀለጠ ለእርሻው ውሃ ይሆናል። የተራራውን የበረዶ ግግር መመናመን ግን ይህም አያስቆመውም፤ እሱ አየሩን የሚያሞቀውን ጭስ የሚለቁት ዕዳ ነው። ታዲያ ሥልጠናው ለማን ነው?